አሻንጉሊቱን አትስቀሉት፣ አንቀሳቅሱት

ለ፦ በአዲስ አበባ መሐል ከተማ ለምትገኙ ሙዚየሞች፣ የባህል ማዕከላትና የዐውደ ርእይ አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ የአሻንጉሊት ትርዒት ታሪክን ስለሚያሳይ ዐውደ ርእይ አዘገጃጀትና አጎበኛኘት

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አሻንጉሊት የምንሰፋ፣ የምንቀርጽና ከመጋረጃ ጀርባ ተንበርክከን የምናንቀሳቅስ ሰዎች ነን። ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ባሉት አዳራሾች የአሻንጉሊት ትርዒት ታሪክን ለማሳየት የምታስቡ ካላችሁ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከምታሳዩት ውስጥ የተወሰነው ይንቀሳቀስ፤ ጎብኚው እጁን የሚያስገባበትም አንድ ጠረጴዛ ይኑር። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚፈልግና የቱ ጋ እንደሚበላሽ ነው።

ጥሩ ጠራቢ የአሻንጉሊት ፊት ሲቀርጽ የሚስቅም የሚያለቅስም አያደርገውም። ግንባሩን ወጣ፣ ዐይኑን ገባ ያደርግና ቀሪውን ለብርሃን ይተዋል። ጭንቅላቱ አገጩን ወደ ደረቱ ሲያስጠጋ የግንባሩ ጥላ ዐይኑ ላይ ይወድቅና ያዘነ ይመስላል፤ ቀና ሲል ጥላው ይነሣና ፊቱ ይፈካል። ያው ጭንቅላት በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከላይ በተዘረጋ ነጭ መብራት ሥር ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ዝም ይላል። ጎብኚውም "ያምራል" ብሎ ያልፋል። በጎብኚው አይፈረድም፤ ከእንጨትና ከጨርቅ ሌላ ያሳየው የለም።

ከሁሉ በፊት የስሙ ነገር ይስተካከል። በአማርኛ አሻንጉሊት ስንል ሕፃን አቅፎት የሚተኛውንም፣ መድረክ ላይ የሚንቀሳቀሰውንም፣ ሲብስም በሌላ አገር ፈቃድ የሚያድርን መንግሥት ማለታችን ነው። በር ላይ "የአሻንጉሊት ታሪክ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ጎብኚው የልጅ መጫወቻ ይጠብቃል። "የአሻንጉሊት ትርዒት ታሪክ" በሉት። ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱን በአነዳዱ ጥሩት፦ የእጅ አሻንጉሊት፣ የዘንግ አሻንጉሊት፣ የክር አሻንጉሊት፣ የጥላ አሻንጉሊት። ማሪዮኔት የሚለው ቃል ለክሩ ብቻ ይዋል። "ፓፔት" ደግሞ በቴሌቪዥን የተለመደች ቃል ናትና ብትገባ ቅር አይለንም። በየመግለጫው ላይ ያለው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ፤ አንዱ ካርድ እ.ኤ.አ.፣ ቀጣዩ ዓ.ም. ሲሆን ልጆች ስምንት ዓመት ይጠፋባቸዋል።

አደረደሩን በአገር በአገር አታድርጉት። ጃፓን እዚህ ጥግ፣ ጣሊያን እዚያ ጥግ ሲሆን ጎብኚው ባንዲራ ቆጥሮ ይወጣል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዕቃውን የሰውን ሕይወት ከልጅነት እስከ ሞት እየተከተለ መደርደሩ ለጎብኚው ምን ያህል እንደሚያቀለው የምታውቁት ነው። ለአሻንጉሊት እንዲህ ያለው መስመር የእጁ አቅጣጫ ነው። እጁ የሚመጣው ከውስጥ ነው? ከታች ነው? ከላይ ነው? ከኋላ ነው? ወይስ በመብራትና በጨርቅ መካከል? አምስት ክፍል፣ አምስት ጥያቄ ይወጣዋል። በየካርዱ ላይም ከአገሩ ስም በፊት "ስንት ሰው ያንቀሳቅሰዋል?" የሚለው በትልቁ ይጻፍ።

ከውስጥ የሚጀምረው ክፍል ግብፅን ያስቀድም። አራጎዝ የሚባለው የግብፅ የእጅ አሻንጉሊት ትርዒት እ.ኤ.አ. በ2018 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አንቀሳቃሹ አፉ ውስጥ፣ ላንቃው ሥር፣ አማና የምትባል ትንሽ መሣሪያ ይይዛል፤ ያ ሰርሳሪ፣ ሰው የማይመስል ድምፅ የሚወጣው ከእሷ ነው። እንግሊዞች ፓንች የሚሉትም አሻንጉሊት በተመሳሳይ መሣሪያ ይናገራል። እንግሊዛዊው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1662 ለንደን ኮቨንት ጋርደን ውስጥ የዚህን አሻንጉሊት ትርዒት ማየቱን በዕለት ማስታወሻው ጽፏል፤ ያን ጊዜ ግን የሚሠራው በክር ነበር፣ ወደ እጅ የተሸጋገረው ኋላ ነው። መሣሪያዋን አሳዩ፣ ድምፅዋን በቅጂ አሰሙ፤ ለልጅ ግን አትስጡ። ትዋጣለች፣ ካንዱ አፍ ወደ ሌላውም ጉንፋን ታዞራለች።

ሰው ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚገባበትም ዓይነት አለ። በማሊ የማርካላ ጭምብሎችና አሻንጉሊቶች (እ.ኤ.አ. በ2014 የተመዘገቡ) እና በናይጄሪያ የቲቭ ሕዝብ ኳግሂር ትርዒት (እ.ኤ.አ. በ2019) ለአፍሪካዊ ጎብኚ ከአውሮፓው በፊት ሊታዩ ይገባል። የአሻንጉሊት ትርዒት ከፈረንጅ ቴሌቪዥን የመጣ ነው የሚለውን የተለመደ ግምት የሚያፈርሰው ይህ ነው። የኢትዮጵያን ጥግ ስትሠሩ ግን ሦስት ሺህ ዘመን ለመሙላት አትጨነቁ። ያለን ነገር በቂ ነው፦ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልጆች በቴሌቪዥን የሚያውቋት ቀጭኔዋ ጸሐይ፣ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ግድግዳ ላይ የሚሠራው የእጅ ጥላ፣ ከፍየል ቆዳ የሚፋቀው ብራና። ብራናውን ለምን እንዳነሣነው ወደ ጥላው ክፍል ስንደርስ ይገባችኋል።

ከታች የሚነዱትን በአጭሩ እለፏቸው። የቬትናም የውኃ አሻንጉሊቶች ከሾላ ዓይነት ዛፍ ተጠርበው፣ ውኃ እንዳይገባቸው በላከር ተቀብተው፣ በውኃው ሥር በተደበቀ ረጅም ዘንግ ይነዳሉ። ገንዳ ለመሥራት አትሞክሩ፤ ለአዳራሹ ወለል ጥፋት ነው። አንድ ሥዕልና አንድ ፊልም ይበቃል።

ከላይ የሚነዳው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙ የሚበላሸውም እሱ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ግብፅን በገለጸበት በሁለተኛው መጽሐፉ ሴቶች በበዓል ቀን በክር የሚንቀሳቀሱ፣ ክንድ የሚያህሉ ምስሎች ይዘው በየመንደሩ እንደሚዞሩ ጽፏል፤ ስለዚህ ይህም ክፍል ከዓባይ ዳር ይጀምር። የተለመደው የክር አሻንጉሊት ዘጠኝ ክር አለው፦ ሁለት ከጆሮዎቹ በላይ፣ ሁለት ከትከሻ፣ አንድ ከወገቡ ኋላ፣ ሁለት ከእጅ፣ ሁለት ከጉልበት። ክብደቱን የሚሸከሙት የትከሻዎቹ ናቸው። የጭንቅላቱ ክር ካጠረ ክብደቱ ወደ አንገት ይሄድና አሻንጉሊቱ የታነቀ ሰው ይመስላል፤ ዐውደ ርእይ ላይ ከምናያቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው። የኋላው ክር ሥራ ማጎንበስ ነው። እሱ ተወጥሮ የጭንቅላቱና የትከሻዎቹ ሲላሉ አሻንጉሊቱ እጅ ይነሣል።

ክር ስትቀይሩ መጀመሪያ የትከሻውን፣ ቀጥሎ የጭንቅላቱን፣ ከዚያ የኋላውን እሰሩ፤ እጅና እግር መጨረሻ ይሁኑ። እግሩ መሬቱን ነካ የሚያደርግ ይሁን። ሁለት ጣት ያህል ከተነሣ የሚበር፣ ከወረደ ጉልበቱ የከዳው ይመስላል። ዓሣ ማጥመጃ ናይለን አትጠቀሙ፤ በመብራት ያብለጨልጫል፣ ተጠቅልሎ የኖረበትንም ቅርጽ ስለማይረሳ ይጠመዘዛል። የጥጥ ክር ደግሞ ክረምት ሲገባ ርዝመቱ ይቀየርና በነሐሴ አንዱ እጅ ከሌላው ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ጥቁር፣ የተገመደ ሰው ሠራሽ ክር ይሻላል። ቋጠሮው ስለሚንሸራተት ሁለት ጊዜ ቋጥራችሁ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣል አድርጉበት።

ለወራት የሚቆይ ከሆነ አሮጌው አሻንጉሊት በክሩ አይንጠልጠል። ከጀርባው የተሸፈነ ሽቦ ወይም ዘንግ ወገቡን ይደግፈው፤ ክሮቹ እንዲታዩ ብቻ ላላ ብለው ይውረዱ። ስታጓጉዙት ክሮቹን ሰብስባችሁ ያዙና አሻንጉሊቱን በአንድ አቅጣጫ አሽከርክሩት፤ እንደ ገመድ አንድ ላይ ይገመዳሉ። ከዚያ በጨርቅ ከረጢት ይግባ። ስታወጡት ከላይ ይዛችሁ ስትለቁት ራሱ ዞሮ ይፈታል። ይህን ያላደረገ ሰው ግማሽ ቀን ውል ሲፈልግ ይውላል።

ፑፒ የሚባሉትን የጣሊያኗን ደሴት የሲሲሊን አሻንጉሊቶች የምታሳዩ ከሆነ የሁለቱን ከተሞች፣ የፓሌርሞንና የካታኒያን፣ አንድ ላይ አቁሟቸው። እነዚህ በጥሩር የታጠቁ ተዋጊዎች የሚነዱት በጭንቅላታቸው በሚያልፍ አንድ የብረት ዘንግና ቀኝ እጃቸውን በሚይዝ ሌላ ዘንግ ነው፤ የሰይፍ ምት በክር ስለማይመታ ነው። የፓሌርሞዎቹ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነው ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ ሰይፋቸውንም ከሰገባው ይመዛሉ። የካታኒያዎቹ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ናቸው፤ 30 ኪሎ ሊደርሱ ይችላሉ፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ሰይፉም ከጭብጣቸው አይወጣም። ጎብኚው ክብደቱን እንዲያውቀው ከጎናቸው 30 ኪሎ የሚሞላ ጆንያ አስቀምጡና "አንሣው" በሉት። ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ ያስረዳል።

ከኋላ የሚነዳው የጃፓኑ ቡንራኩ ነው። ለአንድ አሻንጉሊት ሦስት ሰው። ዋናው ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን ይይዛል። በልማዱ እግር ላይ አሥር ዓመት፣ ግራ እጅ ላይ አሥር ዓመት ሳይቆዩ ጭንቅላት አይያዝም ይባላል። ሦስቱ በታዳሚ ፊት ቆመው እየታዩ ይሠራሉ፤ ታዳሚው ግን ጥቂት ቆይቶ አያያቸውም። አብዛኛው የሴት አሻንጉሊት እግር የለውም። የእግሩ ሰው የኪሞኖውን ጫፍ በጣቶቹ ቆንጥጦ እያነሣና እየጣለ ያራምዳታል፤ ስትቀመጥ ጭብጡን ከጨርቁ ሥር ከትቶ ጉልበት ያደርገዋል። ይህን በመስታወት ውስጥ ማሳየት አይቻልም። በካኪ ወረቀት ግን ይቻላል።

የካኪውን ነገር እንዘርዝረው፤ ምንም ወጪ የለውም፣ አንድ ክፍል ተማሪ ይበቃዋል። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው የካኪ ወረቀት ይወሰድና ጨምደድ ጨምደድ ተደርጎ ይለስልስ። ካንዱ ጫፍ ሁለት ጭብጥ የሚያህለው ተጠቅልሎ ጭንቅላት ይሁን፣ ከሥሩ በወረቀት ፕላስተር ይታሰር፤ አንገቱ ከኋላ የሚያዝበት ነገር ስለሚፈልግ አጥብቃችሁ አትሰሩት። የቀረው ለሰውነት። ሌላ ወረቀት ተጠቅልሎ በደረቱ አግድም ሲያልፍ ሁለት እጅ ይወጣዋል፤ ሦስተኛው ተጣጥፎ ሲንጠለጠል ሁለት እግር። ዐይንና አፍ አይሣልበት። ከዚያ ሦስት ልጆች ይያዙት፣ ጠረጴዛ ላይም ያቁሙት።

ሁሉም ወዲያው ሊያስሮጡት ይፈልጋሉ። አይፈቀድ። መጀመሪያ ይተንፍስ፤ ጭንቅላቱን የያዘው ልጅ በአፍንጫው በሚሰማ ድምፅ አየር ሲስብ ደረቱ በጣት ያህል ከፍ፣ ሲያስወጣ ዝቅ። ሌሎቹ ትንፋሹን ሰምተው ይከተላሉ። ሦስቱ የሚግባቡት በትንፋሽ ነው፣ በቃል አይደለም። ቀጥሎ ይይ። ሦስቱም ልጆች የአሻንጉሊቱን ማጅራት ከማየት አይንቀሉ፤ አንዱ ልጅ ጓደኛውን አይቶ ከሳቀ የተመልካቹም ዐይን ወደ ልጁ ይሄድና አሻንጉሊቱ ወረቀት ይሆናል። ሦስተኛው ክብደት ነው። እግሩ ጠረጴዛውን ካልነካ ይንሳፈፋል። አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ ትንፋሽ፣ አንድ እርምጃ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ፀጥ ይላል።

የጥላው ክፍል ደግሞ ጥቂት ጨለማ ይፈልጋል። የኢንዶኔዥያው ዋያንግ ከጎሽ ቆዳ ተፈልፍሎ ይሠራል፣ መያዣው ከቀንድ ነው። ዳላንግ የሚባለው ሰው ብቻውን ሁሉንም አሻንጉሊት ያንቀሳቅሳል፣ በሁሉም ድምፅ ይናገራል፤ ተራቸው ያልደረሱት ከመጋረጃው ሥር በተጋደመ የሙዝ ግንድ ላይ ተሰክተው ይጠብቃሉ። የቱርኩ ካራጎዝ ከግመል ቆዳ ነው፤ ቆዳው እንዲያስተላልፍ ተደርጎ ስለሚሣሣ ጥላው ቀለም አለው። በካይሮ ደግሞ ኢብን ዳንያል የተባለው ሐኪምና ባለቅኔ በ13ኛው መቶ ዘመን ለጥላ መድረክ የጻፋቸው ሦስት ድርሰቶች እስከ ዛሬ ቆይተዋል።

ብራናው እዚህ ጋ ይመጣል። የጥበቡ መነሻ ያው ነው፤ ቆዳን ፍቆ ማሣሣት። ይህን እኛ አገር የብራና ፋቂዎች ያውቁታል። ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ተወጥሮ፣ ሥጋና ጠጉሩ ተፍቆ፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከጥላው መጋረጃ ጎን አንድ የተወጠረ ብራና አስቀምጡ፤ ከኋላው መብራት አብሩ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻም። የተሳሳተ ወሬ እንዳይወለድ ግን ካርዱ ላይ "ለማነጻጸር" ብላችሁ ጻፉ።

ለሚሠራው መጋረጃ ከመርካቶ ነጭ አቡጀዲ ግዙ፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ለሃያ ልጅ ይበቃል። መጀመሪያ ታጥቦ ይተኮስ። ክፈፉ ላይ ስትወጥሩት በትንሹ ርጥብ ይሁን፤ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከመሐል ወደ ጥግ እየሄዳችሁ ምቱት፣ ከጥግ ከጀመራችሁ መሐሉ ይሸበሸባል። መብራቱ አንድ ነጥብ ይሁን። ብዙ ትናንሽ አምፖል የተደረደሩበት ኤልኢዲ ላንዱ እጅ አምስት ጥላ ይሰጠዋል፤ ረጅሙ የኒዮን መብራት ደግሞ ጠርዙን ያደበዝዘዋል። የስልክ ባትሪ አንድ ነጥብ ስለሆነ ከሁለቱም ይሻላል፣ መብራት ቢሄድም ትርዒቱ አይቋረጥም። መብራቱን ከጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል አርቁት፣ አሻንጉሊቱ ግን ጨርቁን ይንካ። አሻንጉሊቱ ወደ መብራቱ ሲሸሽ ጥላው ይገዝፍና ይደበዝዛል፤ ይህ ለጭራቅ ጥሩ ነው፣ ለሌላው ግን ስሕተት ነው። የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ሰዎች በዘይት መብራት ሲሠሩ ነበልባሉ ስለሚወዛወዝ ጥላው ቆሞም ይተነፍስ ነበር። ኩራዝ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። አዳራሹ ውስጥ ግን ነበልባል አታግቡ።

እጅ የሚገባበትን ጠረጴዛ ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ "ቅርስ አይነካም" እንደምትሉ እናውቃለን። ትክክል ናችሁ፤ አሮጌው አይነካም። ቅጂ ይነካል። አምስት ኪሎ ድንቅነሽን ሊያይ የሚመጣ ሰው የሚያየው ቅጂዋን ነው፤ እውነተኛው አጥንት በጥበቃ ተቀምጧል፣ በዚህም ማንም ጎብኚ ተቀይሞ አያውቅም። ለአሻንጉሊትም ይኸው ይደረግ።

ለሃያ ልጅ አሥራ ሁለት የእጅ አሻንጉሊት ይበቃል፤ የቀሩት ይመለከቱና ይቀያየራሉ። አመልካች ጣት ወደ አንገቱ፣ አውራ ጣት ወደ አንዱ እጅ፣ የመሐል ጣት ወደ ሌላው ይገባል። አንገቱ ውስጥ የካርቶን ቱቦ ይኑር፤ ውስጡ ለልጅ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ለአዋቂ ሁለት ተኩል ይስፋ፣ እስከ ጣቱ ሁለተኛ አንጓ ይድረስ። ቱቦው ከሰፋ ጭንቅላቱ ያለ ፈቃዱ ይወዛወዛል፣ ከጠበበ ጣት ይደነዝዛል። ጭንቅላቱ ከ150 ግራም አይብለጥ፤ እጅ ተሰቅሎ ሲቆይ እያንዳንዷ ግራም ትቆጠራለች።

ጭንቅላቱን ከወረቀት ለመሥራት በላስቲክ የተሸፈነ ጭቃ ላይ አምስት ስድስት ድርብ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫና በኮላ ድብልቅ ይለጠፍ። አንዱን ድርብ በጋዜጣ፣ ቀጣዩን በካኪ እያፈራረቃችሁ ሥሩ፤ የቀለሙ ልዩነት ያልተሸፈነውን ቦታ ያጋልጣል። በበጋ እያንዳንዱ ሁለት ድርብ በአንድ ቀን ፀሐይ ይደርቃል፣ በክረምት ሦስት ቀን ይፈጃል። ውስጡ ርጥብ ሳለ የተቀባ ጭንቅላት ይሻግታል፣ ይሸታልም። ሲደርቅ በምላጭ ለሁለት ከፍላችሁ ጭቃውን አውጡና በቁራጭ ወረቀት መልሳችሁ ግጠሙት። የዱቄት ሙጫ ነፍሳት ይስባል፤ ስለዚህ ይህ ጠረጴዛ ከአሮጌዎቹ አሻንጉሊቶች ጋር በአንድ ክፍል አይሁን።

መጀመሪያ የሚቀደደው የአንገትና የብብት ስፌት ነው። ከጠረጴዛው ሥር መርፌ፣ ጥቁር ክር፣ ኮላ፣ ፒንሳና ቀጭን ሽቦ ያለበት ሣጥን ይኑር። ልጆቹ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፤ ጨርቁ በየሳምንቱ ይታጠብ።

አፉ ለሚከፈተው፣ ከካልሲና ከስፖንጅ ለሚሠራው ዓይነት ደግሞ አማርኛ የራሱ ሕግ አለው። ጀማሪ ሰው አራቱን ጣቶች ወደ ላይ እየወረወረ ያናግረዋል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ አሻንጉሊቱም ጣሪያ ሲያይ ይውላል። የሚወርደው አውራ ጣት ነው፤ የሰውም ሲናገር የሚንቀሳቀሰው መንጋጋው ነው። ከዚያ ቆጠራው ይመጣል። በፊደል ቁጥር ልክ አትክፈቱ። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢ ስለሌለው አፍ አይከፈትለትም። "ትምህርት" አምስት ፊደል ነው፣ አፉ የሚከፈተው ግን ሁለት ጊዜ፤ ትም፣ ህርት። "ሰላም" ሁለት ነው። "አዲስ አበባ" ስድስት ፊደል፣ አምስት ጊዜ። ይህን ልጆች ከመምህራኖቻቸው ቀድመው ነው የሚይዙት። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መስታወት አቁሙ፤ አሻንጉሊቱ ወዴት እንደሚያይ ሠሪው ራሱ ይየው። የእጅ አንጓ ወደ ፊት ሰበር ካላለ አሻንጉሊቱ ከሰው ጋር ዐይን ለዐይን አይገናኝም።

ስለ አሮጌዎቹ ጥበቃ ዋና ዋናውን እንበል። ቀለም የተቀባ ቆዳ፣ ወረቀትና ጨርቅ ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን አይድረሳቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናትና የመስኮት ፀሐይ ይከፋል፤ መጋረጃ ብቻ አይበቃም፣ መስኮቱ ላይ ጨረር የሚያግድ ፊልም ይለጠፍ። እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ቢቆይ ደግ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን መዋዠቁ ነው። በበጋ የደረቀ ቆዳ ይጠቀለላል፣ ክረምት ሲገባ ይለሰልስና ይሻግታል። ሣጥኑ በደንብ ይዘጋ፣ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይቀመጥ። ጠጉር፣ ሱፍ ወይም ላባ ያለበት አሻንጉሊት ከመግባቱ በፊት በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ብል ከነዕንቁላሉ ይሞታል። ከፍሪዘር ካወጣችሁት በኋላ ላስቲኩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቀን ጠብቁ። ቀድማችሁ ከፈታችሁት ጤዛ ቀለሙ ላይ ያርፋል።

ትርዒቱ አጭር ይሁን። እጅን ከራስ በላይ ይዞ መሥራት ከባድ ነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ለአንድ አንቀሳቃሽ ይበቃል። ሰዓቱ ይታወቅ፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 እና 10 ሰዓት ተብሎ በር ላይ ይለጠፍ። ተንበርክኮ ለሚሠራ ሰው የመጋረጃው ከፍታ አንድ ሜትር ከ30 ይሁን፣ የፊት ተርታ ልጆች ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቀው ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ፤ ከቀረቡ የሚያዩት የመጋረጃውን ጨርቅ ብቻ ነው። ሲያበቃ አንቀሳቃሹ ይውጣና ነገሩን ገልብጦ ያሳያቸው። "ምሥጢሩ ይበላሻል" የሚሉ አሉ። አይበላሽም፤ እጁን ካዩ በኋላም ልጆች የሚያናግሩት አሻንጉሊቱን ነው።

ለአንቀሳቃሹ ይከፈለው። "ለልጆች ነውና በነፃ ብትሠሩልን" የሚለውን ጥያቄ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አታቀርቡትም።

ተማሪ ለምታመጡ መምህራን፦ ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ አታስገቡ። ሃያ ሃያ አድርጉና አንዱ ቡድን ጥላው ጋ፣ አንዱ ካኪው ጋ፣ አንዱ የመስታወት ሣጥኖቹ ጋ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይዙር። ሣጥኖቹን ለብቻቸው ሲጎበኙ ሥራ ስጧቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አሻንጉሊት መርጦ "እጁ ከወዴት ይገባል?" ለሚለው መልሱን ይሣል። ሦስት አራት ዓመት ከሚሆናቸው ውስጥ ትልቅ አሻንጉሊት የሚፈሩ አሉ። ልጁን ወደ አሻንጉሊቱ አትግፉት፣ አሻንጉሊቱንም ወደ ልጁ አታምጡት። አሻንጉሊቱ ራሱ ልጁን ፈርቶ ከመጋረጃው ኋላ ይደበቅ፣ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይይ። ልጁ "አትፍራ፣ ና" ማለት ይጀምራል።

የመጋረጃውን፣ የክፈፉንና የቱቦውን ልክ በወረቀት ሥለን ልንሰጣችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቅጂዎች ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተቀምጠን ልንሰፋ ዝግጁ ነን። ቀን ቁረጡልን፤ ከተቻለ ግን ከክረምት በፊት ይሁን፣ ጭንቅላቶቹ መድረቅ አለባቸው።

ከሠላምታ ጋር
አሻንጉሊት ሠሪዎችና አንቀሳቃሾች
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
— ለሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጆች
— ለትምህርት ቤት ጉብኝት አስተባባሪ መምህራን
— ለአዳራሽ ጥበቃ ሠራተኞች (ልጆች በካኪው ጠረጴዛ ዙሪያ ፀጥ ካሉ ችግር የለም፤ እየሠሩ ነው)